ቀጠሮ የቀረውን ሕመምተኛ ማን ይፈልገዋል? የደም ግፊትና የስኳር ክትትል በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ከተሞችም ሆነ ገጠር ቀበሌዎች ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ አስምና ስለ ልብ ሕመም መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ከተቀመጡት መካከል አንዱ "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "ግፊት ነው አሉ፤ ድንገት ወደቀ" የሚል መልስ ይሰማል። ድንገት የተባለው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲሠራ የቆየ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከሚደርሰው ሞት 39 በመቶ የሚሆነው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዳሰሳ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች መካከል ከመቶ ወደ 16 የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ምንም መድኃኒት አይወስዱም ነበር።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሐኪምና የመድኃኒት እጥረት ነው። እጥረቱ በእርግጥ አለ። ይሁን እንጂ ለደም ግፊት የሚታዘዘው አምሎዲፒን፣ ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ለረጅም ዘመን የተፈተኑና ከብዙዎቹ መድኃኒቶች አንጻር ርካሽ የሚባሉ ናቸው። ሕመምተኛው የሚጠፋው በአብዛኛው በመካከል ነው፦ ጤና ኬላ ላይ ተለክቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ ተብሎ ሳይሄድ ይቀራል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ጀምሮ በሁለተኛው ወር ያቋርጣል፤ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀበሌው ሲመለስ የታዘዘለትን የሚያውቅ ሰው አያገኝም። የተቀናጀ ክብካቤ የሚባለው አሠራር የተነሣው ይህን በመካከል ያለ ክፍተት ለመዝጋት ነው።

ሥር የሰደደ በሽታ የሚባለው የትኛው ነው?

ሥር የሰደደ በሽታ የሚባለው ለወራት ወይም ለዓመታት የሚቆይ፣ በአብዛኛው ፈጽሞ የማይድን፣ ነገር ግን በክትትል ሊገታ የሚችል ሕመም ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብና የኩላሊት ሕመም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። አንዳንዶቹ መነሻቸው ተላላፊ ነው፤ ለምሳሌ ልጅ ጉሮሮውን ደጋግሞ ሲታመምና ተገቢውን ሕክምና ሳያገኝ ሲቀር የልብ በሮቹ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ እንዳይብስ ለዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልገዋል።

የደም ግፊት በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ልብ ስትዘረጋ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። ስኳርን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ምንም ሳይበላ ያደረ ሰው ጠዋት ሲመረመር በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘበትና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለበት።

ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሳያሳምሙ ይቆያሉ። "ደህና ነኝ፤ ምንም አያመኝም" ማለት ለግፊት ማስረጃ አይሆንም፤ ራስ ምታት ያለበት ሁሉ ግፊት የለበትም፣ ግፊት ያለበትም ሁሉ ራሱን አያመውም። "የሀብታም በሽታ ነው" የሚለውም አባባል እንዲሁ አይሠራም። ድሀው ዘግይቶ ስለሚመረመር፣ በሽታው ዓይኑን፣ ኩላሊቱን ወይም እግሩን ከጎዳው በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚታወቅለት።

በዚህ አካባቢ ምን ያባብሰዋል?

ሰሜን ሸዋ ከመንዝ ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የተዘረጋ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ በር አዘግቶ እሳት ያስነድዳል፤ እንጨት በሌለበት ደጋ የሚነደው ደግሞ ኩበት ነው። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ለሰዓታት የኩበት ጭስ የምትተነፍስ እናት ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ብትሆንም ሳንባዋ ሊጎዳ ይችላል። ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መሥራት ስለዚህ የሳንባ በሽታ መከላከያ ነው፤ የቤት ማሳመሪያ ብቻ አድርጎ ማየቱ ያሳዝናል። አረቄም ከብርድ መከላከያነት ጋር ተያይዞ ይነሣል። አልኮል ሙቀት የሚመስል ስሜት ይስጥ እንጂ በእርግጥ የሰውነትን ሙቀት የሚያስወጣ ነው፤ በብዛት ሲወሰድም ግፊት ይጨምራል።

ጨው ግን ከሁሉም ይልቅ ቀረብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ በ2015ቱ ጥናት የኢትዮጵያውያን አማካይ ፍጆታ 8 ግራም አልፎ ተገኝቷል። የታሸገ ምግብ በማይበላበት ቤት ይህ ሁሉ ጨው ከየት ይመጣል? በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ከመፈጨቱ በፊት ጨው ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወጡ ሲሠራ ሦስተኛ ጊዜ "ጨው አንሶታል" ተብሎ ይጨመራል። በአንዳንድ ገጠር ደግሞ ቡናው ራሱ በጨው ይጠጣል። ስለዚህ "ጨው ቀንሱ" የሚለው ምክር ገበታ ላይ ለተቀመጠው አባወራ ብቻ ቢነገር ብዙ አይረባም፤ የሚመለከተው የዓመቱን በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁትን እጆች ነው። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ተዘጋጅተው ጨው በወጡ ላይ ብቻ ቢጨመር መጠኑን መቆጣጠር ይቻላል።

የማኅበረሰብ ጤና ማጎልበት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ሰው ሳይታመም የሚያሳምመውን ነገር ከአኗኗሩ፣ ከማእድ ቤቱና ከአካባቢው ላይ መቀነስ። በምሥራቅ ፊንላንድ የምትገኘው ሰሜን ካሬሊያ የታወቀችው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በተጀመረው ሥራ ጤና ባለሙያዎች፣ የሴቶች ማኅበራት፣ ወተት አምራቾችና መምህራን በአንድ ላይ ሆነው የቅባት፣ የጨውና የትምባሆ ልማድን ለመለወጥ ሠሩ፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ለሥራ በደረሱ ወንዶች ላይ በልብ ደም ሥር ሕመም የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ማጨስን መከልከሉና የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስወጣቱ የዚሁ አካል ነው።

የተቀናጀ ክብካቤ እንዴት ይሠራል?

የአንኮበርና የይፋት ገበሬ ነገሩን ከእርከን ያውቀዋል። ጎርፍ ማሳ ሲሸረሽር ጉዳቱ የሚታየው ከታች ነው፤ ውሃው ጉልበት የሚያገኘው ግን ከላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ያለው እርከን ሁሉ ቢሠራና መካከል ላይ የአንድ ሰው ማሳ ክፍት ቢቀር ውሃው በዚያ በኩል ተሰብስቦ ይወርዳል። ሆስፒታል የታችኛው ማሳ ነው፤ ስትሮክ ያጋጠመው ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው እዚያ ይደርሳል። ከላይ ያሉት ቤተሰቡ፣ ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው ናቸው።

በኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግሉ ታስቦ የተዘረጋ ነው። በጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምሩ ትኩረታቸው ክትባት፣ የእናቶች ጤና፣ መጸዳጃ ቤትና ወባ ነበር፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች በኋላ በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ ተጨምረዋል። በሌላ አነጋገር ደረጃዎቹ አሉ፤ የሚቀረው እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ነው።

ቅንጅቱ ሥራ ላይ ሲውል የመጀመሪያው መሣሪያ የስም ዝርዝር ነው፤ በቀበሌው ውስጥ ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደተለኩ፣ ቀጣይ ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ። ያለ መዝገብ ጤና ጣቢያው የሚያውቀው የመጣውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሊያውቅ አይችልም። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሰው ኃላፊ ይመደባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከዚያም ነርሷና ሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ በየጊዜው ተቀምጠው መዝገቡን ያያሉ፤ ግፊቱ ያልወረደለትን ሰው መድኃኒት ያስተካክላሉ፤ የቀረው ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሐኪሙ ሁሉንም ሰው በአካል ማየት አይኖርበትም፤ ዓይኑ የሚያርፈው ባልተሻላቸው ላይ ነው። እንደ እኔ ግምት ከአሠራሩ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ስብሰባው ወረፋ የያዘ ሕመምተኛ ስለሌለው እንደ ሥራ አይቆጠርም።

ውጤት እንዳለው ተፈትኗል?

አዎን። ከእኛ ጋር የሚቀራረበው በባንግላዴሽ፣ በፓኪስታንና በስሪላንካ 30 የገጠር ማኅበረሰቦች ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ነው። ግፊት ያለባቸው 2,645 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በመንግሥት የተቀጠሩ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ግፊት ሲለኩ፣ ሲመክሩና የከበደባቸውን ወደ ሠለጠነ ሐኪም ሲልኩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የላይኛው የግፊት ቁጥር ከመደበኛው አገልግሎት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 5 ነጥብ ያህል የበለጠ ወረደ። ቁጥሩ ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ በሕዝብ ደረጃ ሲታይ ግን የስትሮክንና የልብ ሕመምን ብዛት የሚቀንስ ለውጥ ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በ14 ክሊኒኮች 214 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ስኳር ወይም የልብ ሕመም ከድብርት ጋር የተደረበባቸውን ተመልክቷል። አንዲት ነርስ ከሐኪሞች ጋር በየሳምንቱ መዝገቡን እያየች ሁለቱንም ሕመሞች በአንድ ላይ ስትከታተል ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ድብርቱም ተሻለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ኪኒኑን የሚውጥበት ምክንያት አይታየውም፤ ስለዚህ "ለምን አልወሰድክም?" ብሎ ከመቆጣት በፊት እንቅልፉንና ሐሳቡን መጠየቅ ሕክምና ነው።

ኢትዮጵያ ራሷም ከኤች አይ ቪ ልምድ አላት። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መዝገብ፣ የቀሩትን ፈልጎ ማግኘት፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን በመካሪነት ማሰማራት፣ ለተረጋጉት ደግሞ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ተለምዷል። ያው ጤና ጣቢያ በአንዱ ክፍል ለኤች አይ ቪ እንዲህ ያለ ክትትል እያደረገ፣ በሌላው ክፍል ለግፊት ሕመምተኛ በየወሩ ከገደል ማዶ እንዲመላለስ የሚያደርግበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ግፊት ሲለካ ምን መታየት አለበት?

ቅንጅቱ ሁሉ የሚቆመው በትክክል በተለካ ቁጥር ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሮቹን ሳያነባብር መሬት አስረግጦ ማረፍ አለበት፤ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት፣ ሽንት ካለም መውጣት ያስፈልጋል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይቀመጣል፤ የመለኪያው መጠምጠሚያ በባዶ ክንድ ላይ እንጂ በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አይታሰርም። በመንዝ ብርድ ልብስ ማውለቅ እንደሚከብድ ይታወቃል፤ እጅጌን ጠቅልሎ ወደ ላይ መሰብሰብም ክንዱን ስለሚያንቅ መፍትሔ አይደለም፣ አንዱን እጅ ማውጣት ይሻላል። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ቁጥሩ ከነቀኑ በወረቀት ተጽፎ ለሕመምተኛው ይሰጣል።

ጾምና ጸበል ከመድኃኒት ጋር ይጋጫሉ?

በዚህ አካባቢ ሕክምና ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች መካከል ይህ በግልጽ መነጋገር የሚገባን ነው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ከአገር ዳር እስከ ዳር ምእመን የሚመጣባቸው የጸበል ስፍራዎች ናቸው። ሕመምተኛው ለሱባኤ ሲገባ ኪኒኑን ቤት ጥሎ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ማንም ስላዘዘው አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የእምነት ጉድለት ስለሚመስለው ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ሲነሣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል። ለግፊትና ለስኳር የሚለይበት ምክንያት የለም፤ የንስሐ አባት "መድኃኒትህን ይዘሃል ወይ?" ብለው ቢጠይቁ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

ጾም ትንሽ ይወሳሰባል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ የግፊት ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢውል ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ላብ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብዥታና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ሕይወት ያድናል፤ ጾም ነው ብሎ መቆየት አይገባም። በይፋት ቆላ ረመዳንን ለሚጾሙ ሙስሊሞችም ነገሩ አንድ ነው። ምክክሩ ጾሙ ከመግባቱ ቀደም ብሎ መደረግ አለበት፤ መጠኑን የሚቀይረው ባለሙያ እንጂ ሕመምተኛው በራሱ አይደለም።

ኢንሱሊን ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ይቀመጣል?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀመጣል፤ የተከፈተው በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በሸዋ ሮቢት ችግሩ ሙቀት ነው፦ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ሌላ ሸክላ አስቀምጦ በመካከሉ አሸዋ ሞልቶ በውሃ ማራስና ጥላ ውስጥ ማኖር ሙቀቱን ይቀንሳል። በመንዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ኢንሱሊኑን ሊያረጋው ይችላል፣ የረጋ ኢንሱሊን ደግሞ ቢሟሟም ይጣላል እንጂ አይወጋም። አንድ ዓይነት መመሪያ ለዞኑ ሁሉ ማንበብ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ቢጠፋ ወይም መንገዱ ቢዘጋስ?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ውል በገቡ የመንግሥት ተቋማት ይታከማል፤ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ሲሆን ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። መድህኑ የሚፈተነው ግን ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ነው፤ ሕመምተኛው ከግል ፋርማሲ ገዝቶ አንድ ወር ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ወር ይተወዋል። መዝገቡ እዚህም ይጠቅማል፤ ስንት ሰው ምን እንደሚወስድ የሚያውቅ ተቋም መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ሊጠይቅ ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለችበት ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰበት ጊዜ፣ ከቀዬአቸው ወጥተው ደብረ ብርሃን የደረሱ ሕመምተኞች ካርዳቸው ከተቋሙ ጋር ቀርቶ ነበር። "ነጯን ኪኒን ነው የምወስደው" የሚል ሰው ለአዲሱ ሐኪም ምንም አልነገረውም፤ ነጭ ኪኒን ብዙ ነው። ስለዚህ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የመጨረሻው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከመታወቂያ ጋር መያዝ፣ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያም አለመጣል ይጠቅማል።

ዕድር በዚህ ውስጥ ምን ሊሠራ ይችላል?

በሎስ አንጀለስ በ52 ፀጉር ቤቶች 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ፋርማሲስት ወደ ፀጉር ቤቱ መጥቶ መድኃኒት ሲያዝዝ የላይኛው ግፊት በስድስት ወር ውስጥ በአማካይ 27 ነጥብ ሲወርድ፣ ምክር ብቻ ባገኙት ላይ 9 ነጥብ ያህል ብቻ እንደወረደ አሳይቷል። ልዩነቱን ያመጣው ሰው በሚታመንበት ቦታ ምክር መስጠቱ ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒቱም እዚያው መታዘዙ ነው። የዕድር ወርኃዊ ስብሰባ፣ ሰንበቴና የገበያ ቀን ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቹ ናቸው። ይሁንና ለክቶ "ከፍ ብሏል" ብሎ መበተን ድንጋጤ ብቻ ያተርፋል፤ ልኬቱ በተደረገበት ዕለት የሰውየው ስም ወደ መዝገቡ ገብቶ ቀጠሮው መያዝ አለበት። የአባላት ሕመም ምስጢር መሆኑም አይዘነጋም፤ ቁጥሩ በጉባኤ ፊት አይነበብም።

ቀጠሮ የማይጠበቀው መቼ ነው?

የፊት አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ደረት ላይ የሚጨንቅ፣ ወደ ክንድና ወደ መንገጭላ የሚሄድ ሕመም፣ እንዲሁም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ደግሞ የልብ አደጋ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ጊዜ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ወደሚቀርበው ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ለታማሚው የሚበላም የሚጠጣም አይሰጠው፣ መዋጥ ሊያቅተውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። የሌላ ሰው የግፊት ኪኒን ማዋጥም ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ላይ የወጣች ቁስል፣ ሕመም ባይሰማውም፣ በዚያው ሳምንት መታየት አለባት፤ ነርቩ የተጎዳ እግር ሕመሙን አይናገርም።